ጎማና መሬት፦ የባሕር ዳር ሳይክል ከሜዳው እስከ ቁልቁለቱ

ባሕር ዳር ለምን የሳይክል ከተማ ሆነች ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድና አንድ ነው፤ ሜዳ ስለሆነች። መልሱ ሐሰት የለበትም። ከጣና በስተደቡብ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ዳርቻ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋችው ከተማ እንደ ጎንደር ወይም እንደ አዲስ አበባ ጉልበት የሚፈትን ዳገት የለባትም። ነገር ግን ሜዳነት ብቻውን ሳይክል የሚያነግሥ ቢሆን ኖሮ ከባሕር ዳር ቀድሞ ፎገራ የሳይክል አገር በሆነ ነበር። ከወረታ ዙሪያ እስከ ሐይቁ ዳር የተነጠፈው የፎገራ ሜዳ ከባሕር ዳር የባሰ ሰፊና ለጥ ያለ ነው። ሆኖም ክረምት ገብቶ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲተኙበት፣ ጥቁሩ ዋልካ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ፣ እንኳን ሳይክል በቅሎም እግሯን ነቅላ መራመድ ይቸግራታል። በጋ ሲሆን ደግሞ ያው ዋልካ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ቀጭን ጎማ ለመዋጥ የሚበቃ ነው። ስለዚህ የመሬት ለጥ ማለት የታሪኩ ግማሽ እንኳ አይሆንም። በባሕር ዳር ሳይክልን ያነገሠው ጎማው የሚያርፍበት የመሬት ፊት ነው፤ ያ ፊት በተለወጠ ቁጥርም ጎማው፣ ጎማው በተለወጠ ቁጥር የሳይክሉ ዕድል ተለውጧል። ይህን ነገር አጥብቆ መያዝ የሚጠቅመው ያለፈውን ለማወቅ ብቻ አይደለም። ዛሬ ከቤዛዊት ኮረብታ ወይም ከጉና ተራራ ቁልቁል ለመውረድ ጎማ የሚመርጥ ወጣት የሚገጥመው ጥያቄም ይኸው ነው።

የመሬት ፊት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ባሕር ዳር ለረጅም ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበች አነስተኛ መንደር ነበረች። ሰውም ዕቃም የሚጓጓዘው በታንኳ፣ በበቅሎ፣ በአህያና በእግር ነው። የዘጌ ማገዶ በደንገል ታንኳ ተጭኖ ወደ ገበያዋ ይመጣ ነበር፤ ታንኳ መንገድ አይጠይቅም፣ በቅሎም እግሯን የምታሳርፍበትን ራሷ ትመርጣለች። ጎማ ግን የተዘጋጀ መሬት ይፈልጋል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሩን ከወረረ በኋላ የመኪና መንገድና የሞተር ጀልባ ወደ ሐይቁ ዳር ዘለቁ፤ ዘመኑ ግን አጭር ነበር፤ መንገዱም በአመዛኙ ጠጠርና አፈር ነው። የከተማዋ መልክ ከሥሩ የተለወጠው በ1950ዎቹ ነው። በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ገደማ ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ መብራት መስጠት ጀመረ። በዚያው ዘመን በጀርመናዊው የከተማ ፕላን ሊቅ በማክስ ጉተር የሚመራ ቡድን የከተማዋን ማስተር ፕላን አዘጋጀ። ቀጥ ብለው የተዘረጉት፣ ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች የዚያ አስተሳሰብ ውጤት ናቸው።

እነዚህን ነገሮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ሳይክሉ ለምን እዚህ ሥር እንደ ሰደደ ይገባል። ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፤ ፈረቃ ሰዓት ያስከብራል፤ ከመኖሪያ ሰፈር እስከ ፋብሪካው ወይም እስከ ተማሪ ቤቱ ያለው ርቀት ደግሞ በእግር ሲሄዱት የሚረዝም፣ ለአውቶቡስ የሚያጥር ነው። ፕላኑ ለሳይክል ተብሎ ተሠራ ማለቴ አይደለም፤ የዚያ ዘመን የከተማ ፕላን የሚያስበው ለመኪና ነበር። መኪና ግን ጥቂት ነው። ለመኪና የተነጠፈው አስፋልት ለረጅም ጊዜ ዋና ተጠቃሚው ሳይክል የሆነውም ለዚህ ነው። አስፋልት የሌላቸው የሰፈር መንገዶች እንኳ በበጋ ጠንካራ ቀይ አፈር ነበሩ። ክረምቱ ግን ቀላል አይደለም፤ በባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ዋናው ጎዳና አስፋልት ባይሆን ኖሮ የሳይክሉ ዓመት በስምንት ወር ያልቅ ነበር።

በዚህ አስፋልት ላይ የነገሠው ከእንግሊዙ ራሌ የወረደ ቅርጽ ያለው፣ ኋላም በቻይናና በህንድ ፋብሪካዎች በሚሊዮን የተመረተው ረጅሙ ጥቁር ሳይክል ነው፤ የሻንጋዩ ፊኒክስ በአገራችን የታወቀ ነው። ይህ ዓይነት ሳይክል የሚያደርገው ጎማ 28 በ1½ የሚባለው ሲሆን፣ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር 635 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ ብዙ ሰው እንደ አሮጌ ነገር ያየዋል፤ እኔ ግን ለዚያ ዘመን መንገድ የታሰበበት ምርጫ ነው እላለሁ። ትልቅ መንኮራኩር ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ ጠጠርንም በቀስታ ይወጣዋል። ጎማው በአስፋልት ላይ ብዙ ሳያለፋ እንዲሽከረከር ጠበብ ያለ ነው፤ ሰውና ጭነት ለመሸከም ግን ከውድድር ጎማ ይሰፋል። ጥርሱም ዝቅ ያለ፣ በርዝመቱ የተሰመረ ነው፤ በአስፋልት ላይ ከዚያ በላይ ጥርስ አያስፈልግምና።

እዚህ ላይ ስለ ንፋስ ትንሽ መናገር ያስፈልጋል፤ የዚህ ታሪክ ሁሉ ምስጢር ያለው እዚያ ነውና። በንፋስ የሚሞላ ጎማ ሐሳብ መጀመሪያ የስኮትላንዳዊው የሮበርት ቶምሰን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1845 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። በሥራ ላይ ያዋለው ግን በቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1888። ከዚያ በፊት የነበረው ድፍን ላስቲክ መሬቱ የሰጠውን ምት ሁሉ ወደ ነጂው አጥንት ያደርስ ነበር። ደንሎፕ ያመጣው ለውጥ ክብደቱን የሚሸከመው ላስቲኩ መሆኑ ቀርቶ ንፋሱ እንዲሆን ማድረጉ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ነጂውና ሳይክሉ አንድ ላይ 100 ኪሎ ቢመዝኑና 60 ኪሎው በኋላ ጎማ ላይ ቢያርፍ፣ በ60 ፒ ኤስ አይ ግፊት የተነፋ ጎማ መሬቱን የሚነካው 14 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚሆን ቦታ ነው። ንፋሱን ወደ 30 ብናወርደው የሚነካው ቦታ እጥፍ ይሆናል፤ 28 ገደማ። ቀጭን ጎማ ንፋሱ ሲወርድ ቸርኬው ድንጋይ ላይ ያርፍና ይጎዳል፤ ሰፊ ጎማ ግን በትንሽ ንፋስ መሥራት ይችላል። የሰፊ ጎማ ትልቁ ጥቅም ስፋቱ ራሱ ሳይሆን ንፋስ ለመቀነስ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ስለ ቁልቁለት ጎማ የሚሰማው ምክር ሁሉ ይምታታበታል።

ይህን እውቀት ከማንም በላይ በእጁ የያዘው ጎሚስታው ነው። ሥራውን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ትምህርቱ ብዙ ነው። ጎማውን በብረት መፈንቀያ ከቸርኬው ጠርዝ ያወጣል፤ ካላማዳሪያውን ስቦ ይነፋና በውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ እያዞረ ይነክራል፤ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ በጣቱ ይዞ ያደርቀዋል፤ በሞረድ ይፍቀዋል፤ ማስቲሽ ቀብቶ እስኪጠነፍፍ ይጠብቃል፤ ከዚያ ቁራጭ ላስቲክ ለጥፎ ይወቅጠዋል። ካላማዳሪያውን ከመመለሱ በፊት ግን የጎማውን ውስጥ በመዳፉ ይዳብሳል፤ የበሳው የግራር እሾህ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ ድካሙ ከንቱ ነውና። የተቀደደ ጎማ ከመጣለት ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ ቆርጦ ከውስጥ ይደግፈዋል። የኋላው ጎማ ክብደትም መግፋትም ስለሚበዛበት ቀድሞ ይላሻል፤ ስለዚህ ደህናውን ወደ ፊት፣ የላሸውን ወደ ኋላ ማዛወርን የመሰለ ምክር ከዚህ ሙያ የሚጠበቅ ነው። ፊተኛው ጎማ ከተንሸራተተ ነጂው ይወድቃል፤ የኋላው ቢንሸራተት ግን ብዙ ጊዜ መያዝ ይቻላል። የዓለም የቁልቁለት ውድድር ጋላቢዎች ከፊት ይበልጥ የሚይዝ፣ ከኋላ ይበልጥ የሚሽከረከር ጎማ የሚያስሩበት ምክንያትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ሳይክሉን ከባሕር ዳር ጎዳና የገፋው ባጃጅ ነው፤ ስለ ጎማና ስለ መሬት ማውራት ዋናውን ነገር መሳት ነው የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ጉልበት አለው። ከተማዋ አድጋለች፤ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 96 ሺህ ገደማ የነበረው ሕዝቧ በ1999 ዓ.ም. 155 ሺህ ደርሶ ነበር፤ ርቀቱ ሲረዝም፣ ሥራውም ሲበዛ፣ በጥቂት ብር ደጃፍ ድረስ የሚያደርስ ባለሦስት እግር መምጣቱ ለብዙው ሰው በረከት ነው። ይህን አልክድም። ነገር ግን ባጃጁ ከሳይክሉ የነጠቀው ቦታ የትኛው እንደሆነ እንመልከት። የዋናው ጎዳና ዳር ነው፤ ማለትም ሳይክሉ ከሁሉ በላይ የሚስማማው ለስላሳው አስፋልት። የባጃጅ ጎማ ትንሽ ነው፤ በ8 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚታሰር፤ ትንሽ መንኮራኩር ጉድጓድን ስለሚፈራ እሱም የሚሻው ያንኑ አስፋልት ነው። ሁለቱ የተጋጩት በአንድ መሬት ላይ ነው። ሳይክሉ ከአስፋልቱ ሲገፋ የሚቀርለት የሰፈር ውስጥ መንገድ ነው፤ በዚያው ዘመን ያ መንገድም መልኩን ቀየረ።

ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ በኢትዮጵያ ከተሞች የተስፋፋው ኮብልስቶን፣ በጀርመን ትብብር የተጀመረውና ለብዙ ወጣት የሥራ እንጀራ የሆነው፣ የባሕር ዳርንም የውስጥ ለውስጥ መንገዶች አዳርሷል። ጭቃን አስወግዷል፤ ለእግረኛም ለመኪናም ጥሩ ነው። ለቀጭኑ ጎማ ግን ሌላ ነገር ነው። በእጅ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢነጠፍ ፊቱ ወጣ ገባ አለው፤ በድንጋዮቹ መካከልም ክፍተት ይኖራል። በጠንካራ ንፋስ የተነፋ 28 በ1½ ጎማ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ይነጥራል፤ ንጥረቱ ወደ ቸርኬው ሽቦዎችና ወደ ነጂው እጅ ይሄዳል። ንፋሱን ቢቀንሱለት ደግሞ ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። መንገዱ ለሁሉም ተሻሻለ ሲባል ለዚያ ጎማ ግን ከፋ ማለት ነው። ባለ26 ኢንች፣ ሰፋ ያለ ጥርሳም ጎማ ያለው የተራራ ሳይክል ቅርጽ በከተማዋ መታየቱን ብዙ ሰው እንደ ፋሽን ብቻ ይቆጥረዋል። ፋሽንም ይኖርበታል። ግን በኮብልስቶን ላይ ሁለቱንም የነዳ ሰው ልዩነቱን በእጁ አንጓ ያውቀዋል፤ ሰፊው ጎማ በትንሽ ንፋስ ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል።

ያ ሰፊ ጎማ ራሱ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1933 የአሜሪካው ሽዊን ኩባንያ 26 በ2.125 የሆነ ወፍራም ጎማ ያላቸውን ሳይክሎች ለገበያ አወጣ፤ ለተራራ ሳይሆን ለሕፃናትና ለጋዜጣ አዳይ ልጆች የሚሆኑ ከባድ ሳይክሎች ነበሩ። አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ በካሊፎርኒያ ማሪን በሚባለው አውራጃ ጥቂት ወጣቶች እነዚህን አሮጌ ሳይክሎች ከየጓዳው አውጥተው በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ የአፈር መንገዶች ላይ ቁልቁል ይነዷቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1976 የጀመሩት ውድድር ሪፓክ ይባል ነበር፤ ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት 400 ሜትር ገደማ የሚወርድ መንገድ ነው። የዚያ ሳይክል ፍሬን በኋለኛው መንኮራኩር ማዕከል ውስጥ ያለ፣ ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ነበር፤ ከአንድ ቁልቁለት በኋላ ግለቱ ግራሱን አቃጥሎ ስለሚጨርሰው እንደገና ፈትቶ መቀባት ግድ ይል ነበር፤ በእንግሊዝኛ «ዳግም መሙላት» ማለት የሆነው የውድድሩ ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። በማግሥቱ ዓመት ጆ ብሪዝ ለዚህ ሥራ የታሰበ የመጀመሪያውን አዲስ አካል ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ከቶም ሪቺ ጋር ሆነው ንግድ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካዋ ዱራንጎ የመጀመሪያው የተራራ ሳይክል የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድ ቁልቁለት አንዱ ዘርፍ ሆነ። ከዚህ ታሪክ ልብ ማለት የሚገባን ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ የመጣው ጎማው ነው። ማርሹ፣ ሞላው፣ ቀላሉ አካል ሁሉ ኋላ የተከተሉ ናቸው። ወጣቶቹ ቀላልና ፈጣን ሳይክል ትተው ሃያ ኪሎ የሚመዝን አሮጌ ብረት የመረጡት ከዚያ በቀር ያንን መሬት የሚችል ጎማ የሚይዝ ሳይክል ስላልነበራቸው ነው።

የጣና ዳር ሰው ቁልቁለት የሩቅ አገር ነገር መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም፤ ግን ሐይቁ የተኛው በትልቅ ቁልቁለት ግርጌ ነው። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ይነሣል፤ ከዚያ እስከ ጣና ዳር ያለው የከፍታ ልዩነት ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። ከከተማዋ አጠገብ ቤዛዊት አለ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የተሠራበት፣ ዓባይን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ። በስተምዕራብ የዘጌ ልሳነ ምድር በቡናና በጥላ ዛፍ የተሸፈነ ነው፤ ወደ ገዳማቱ የሚያወጣው ጠባብ መንገድ ሥርና ድንጋይ የሞላበት ነው። ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ደግሞ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው የዓባይ በረሃ አለ፤ በሁለቱም በኩል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርድ። እነዚህ ሁሉ ቁልቁለት ይባሉ እንጂ የሚጠይቁት ጎማ አንድ አይደለም። በበረሃው አስፋልት ላይ ጥርሳም ጎማ ሸክም ነው፤ ጥርሱ በፍጥነት መታጠፊያ ላይ ይወላገዳል፣ ቶሎም ያልቃል። እዚያ የሚያሰጋው የጥርስ ማነስ ሳይሆን ግለት ነው፤ ቸርኬውን የሚነክስ ፍሬን ለረጅም ጊዜ ተይዞ ሲቆይ ቸርኬው ይግልና ካላማዳሪያውን ሊያፈነዳው ይችላል። ዘጌ ውስጥ ደግሞ ግለት ከቁጥር አይገባም፤ ጥያቄው ሁሉ እርጥብ ሥር ላይ ማን ይይዛል የሚል ነው።

እንግዲህ ከታሪኩ የሚወጣው የምርጫ ሥርዓት መጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥሎ ንፋሱን፣ ከዚያ የላስቲኩን ልስላሴ፣ በመጨረሻ የጥርሱን ቅርጽ ማየት ነው። አብዛኛው ገዢ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ጥርሱ ትልቅና አስፈሪ የሆነውን ያነሣል። በበጋ የባሕር ዳር ዙሪያ ቀይ አፈር ታቹ እንደ ሸክላ የጠነከረ፣ ላዩ ብናኝ ያለበት ነው። እዚያ ላይ ረጃጅም ጥርስ መሬቱን መውጋት ስለማይችል በጫፉ ቆሞ ይንሳፈፋል፤ የሚይዘው መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ተቀራርቦ የተደረደረ፣ ጎንና ጎኑ ግን ጠንካራ ጥርስ ያለው ጎማ ነው። ሰኔ ሲገባ ያው አፈር ከላይ ቀጭን የጭቃ ልስን ያወጣል፤ አሁን ጥርሱ ረዘም፣ እርስ በርሱም ራቅ ራቅ ማለት አለበት፤ ጭቃውን ወግቶ ወደ ጠንካራው እንዲደርስ፣ ሲሽከረከርም ጭቃውን እንዲያራግፍ። በዚህ ወቅት እጅግ ሰፊ ጎማ ከጠበብ ካለው ይከፋል፤ ከላይ ይንሳፈፋልና። በዋልካ ላይ ግን ሐቁን መናገር ይሻላል፤ ለክረምት ዋልካ የሚሆን ጎማ የለም። ጥርሱ የሚደርስበት ጠንካራ ነገር የለውም፤ ጭቃው ጎማውን ጠቅልሎ ከሹካው ጋር ይጣበቃል፤ መንኮራኩሩ መዞሩን ያቆማል። የፎገራ ሰው ክረምትን በሌላ መንገድ ማለፉ ከልምድ የመጣ ጥበብ ነው።

ድንጋይ ላይ ደግሞ ነገሩ ወደ ላስቲኩ ይዞራል። ከጣና በስተደቡብ ያለው አገር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የበዛበት ነው፤ ሐይቁ ራሱ የተገደበው በእንዲህ ዓይነት የቀለጠ ድንጋይ ፍሰት ነው። እርጥብ ጥቁር ድንጋይን ጥርስ አይወጋውም፤ ሊይዘው የሚችለው ለስላሳ ላስቲክ ብቻ ነው። የላስቲክ ልስላሴ ሾር ኤ በሚባል መለኪያ ይለካል፤ የቁልቁለት ውድድር ጎማዎች በ40ዎቹ ውስጥ ሲሆኑ ተራዎቹ 60 ገደማና ከዚያ በላይ ናቸው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ላስቲኩ ይለሰልሳል። የዚህ ዋጋው ቶሎ ማለቅ ነው፤ ስለዚህ ለስላሳውን ከፊት ብቻ ማሰር አዋጭ ነው። የቁልቁለት ጎማ ገላም የተለየ ነው፤ ጨርቁ በጎኑ ሳይቀር በድርብ ይደረባል፤ ስፋቱ ከ2.4 እስከ 2.5 ኢንች፣ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ በላይ ይሆናል። ድርቡ የተደረገው ጋላቢው ንፋሱን ከ20ዎቹ እስከ 30 ፒ ኤስ አይ ድረስ እንዲያወርድና ጎማው በስለታም ድንጋይ ጎኑን እንዳይቀደድ ነው። ካላማዳሪያ የሌለው፣ ውስጡ ፈሳሽ ማሸጊያ የሚጨመርበት ጎማ ደግሞ ሁለቱን የጣና ዳር ችግሮች አንድ ላይ ያቃልላል፤ የሚቆነጠጥ ካላማዳሪያ የለም፤ የግራር እሾህ የበሳውንም ፈሳሹ ወዲያው ይደፍነዋል።

ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ሰው ነው፤ እዚህ የሚገኘው ጎማ ሱቁ ያመጣው ብቻ ነው የሚል ሁለተኛ ተቃውሞ አለ። ከሁሉ በላይ የማከብረው ይህን ነው፤ ምርጫ በሌለበት ስለ ምርጫ መጻፍ ተገቢ አይመስልምና። ግን የባሕር ዳር ታሪክ የሚያሳየው ነጂዎች ምርጫ ባልነበራቸው ጊዜም ሲመርጡ እንደኖሩ ነው። አንድ ዓይነት 28 ጎማ ብቻ በነበረበት ዘመን ከመንፊያው ስንት እንደሚሞላ፣ የቱ ፊት የቱ ኋላ እንደሚታሰር፣ በየትኛው ወር በየትኛው መንገድ እንደሚኬድ መወሰን የነጂውና የጎሚስታው ድርሻ ነበር። ዛሬም አንድ ተራ ባለ26 ጎማ ያለው ልጅ ከአስፋልት ወደ ቤዛዊት ቁልቁለት ከመግባቱ በፊት ንፋሱን ጥቂት ቢያስተነፍስ፣ ከዚያ ሲመለስ ቢሞላ፣ ውድ ጎማ ገዝቶ ልክ ባልሆነ ንፋስ ከሚነዳው ይሻላል። ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስነው ክብደቱ ነው፤ ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ ከተሰማ አብዝቷል።

ሳይክል ለኢትዮጵያዊ የትራንስፖርት ነገር እንጂ የቁልቁለት ጨዋታ አይደለም የሚለው አስተያየትም ከታሪክ ጋር አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድር 24ኛ ሲወጣ፣ ሳይክል ለዚህ አገር ሰው የስፖርት መሣሪያ ከሆነ ቆይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተራራ ሳይክል መንገድ አለው። በባሕር ዳርም በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለሳይክል የተለየ መስመር ተሰጥቶታል። መስመሩ ደግ ነገር ነው፤ ሳይክሉን ከባጃጁ ጋር ከሚጋፋበት የአስፋልት ዳር ያወጣዋል። ነገር ግን ከድልድዩ ወደ ኮብልስቶኑ፣ ከኮብልስቶኑ ወደ ኮረኮንቹ ሲወጣ ያው ነጂ በአንድ ጉዞ ሦስት መሬት ያገኛል። ለእንዲህ ያለ ሰው መካከሉ የተያያዘ ጥርስ ያለው፣ ጎኑ ላይ ብቻ የተለየ ጥርስ የቆመበት ጎማ ከሁሉ የተሻለ ነው ባይ ነኝ፤ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አስፋልቱ ላይ አይጮህም፣ በመታጠፊያ ላይ ደግሞ አፈሩን ይነክሳል።

ወደ ሱቅ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ከጥርሱ በፊት መነበብ ያለበት በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ነው። 28 የሚለው ጽሕፈት ብቻውን ያሳስታል፤ የድሮው ጥቁር ሳይክል ጎማ 635 ሲሆን 28 እየተባለ የሚሸጠው ዘመናዊ ጎማ 622 ነው፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። 26 የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የተራራው 559፣ የድሮው የከተማ ሳይክል 26 በ1⅜ ደግሞ 590 ነው። ቁጥሩ ከገጠመ በኋላ የጎማውን ጎን በሁለት እጅ ለጠጥ አድርጎ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ማየት ያስፈልጋል፤ በፀሐይ የቆየ ላስቲክ አዲስ ቢመስልም ጎኑ ላይ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል፤ እንዲህ ያለውን ጎማ በቁልቁለት ላይ ከፊት ማሰር አደጋ ነው። የመዞሪያውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ካለም በዚያው ልክ መታሰር አለበት፤ በተለይ የፊቱ ጎማ ተገልብጦ ከታሰረ ጥርሱ ፍሬን ሲያዝ አፈሩን መንከስ ሲገባው በላዩ ይሸሻል።